ውሃን እምቢ ያለው ስኳር

የቲቸር አስፋውን ሞት የሰማሁት ከስልኬ ነው፤ ሰው ደውሎልኝ ግን አይደለም። እዚህ ካምፓላ የምንኖር ሐበሾች የምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ቤት የሚያከራየው፣ በርበሬ ያስመጣው፣ ፓስፖርት የጠፋበት ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ጠዋት ሱቅ እየከፈትኩ ስልኬ ጮኸ። «ቀድሞ በካምፓላ ይኖሩ የነበሩት መምህር አስፋው በጉሉ ከተማ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። ከሥሩ አንዱ «የትኛው አስፋው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ያ እንኳ፣ የአሠሪው መኪና ላይ ስኳር የጨመረው» ብሎ መለሰለት። «እ! እሱ! ነፍስ ይማር» አለ የመጀመሪያው። ከዚያ ሻማው፣ የተጣመረው እጅ፣ የሚያለቅሰው ፊት ተከታትሎ መጣ።

ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ «አልጨመሩም» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይታ አንዲት የማላውቃት ሴት «እህቴ፣ የሞተ ሰው አይወቀስም፤ ይህን አሁን ማንሳት ጥሩ አይደለም» አለችኝ። እኔ እኮ አልወቀስኳቸውም! ሌላ ነገር ልጽፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። ደንበኛ መጣ፤ ሳሙና ሸጥኩለት።

ግሩፑ ውስጥ ያልተጻፈውን እዚህ ልጻፈው። ቲቸር አስፋው ደብረ ብርሃን ለብዙ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ፣ የካምፓላ ፀሐይ ሁላችንንም እያነደደን እንኳ ሹራባቸውን የማያወልቁ። ከአገር የወጡት ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ነው። እዚህ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሊቀጥራቸው ቃል ገብቶ ነበር፤ ሲደርሱ ግን የትምህርት ማስረጃዎ ተጣርቶ ይምጣ አላቸው። ማስረጃው ሲጣራ ወራት ሄደ፣ ዓመትም ሄደ። በዚህ መሀል ኦልድ ካምፓላ፣ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በጋሽ ተሰማ የጅምላ ሱቅ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ገቡ። ስኳር፣ ዱቄት፣ ሩዝና ሳሙና እንሸጣለን። እኔ ካሸር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ጋሽ ተሰማን ክፉ ሰው አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ ክፉ አይደለምና። እዚህ ከተማ ሐበሻ ሲታመም ሆስፒታል በር ላይ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን አስተካይ እሱ ነው፤ ሠርግ ላይ ወንበር አቅራቢ እሱ ነው። ብቻ አንዴ ያመነውን ነገር ከጭንቅላቱ የሚያወጣለት ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሚስቱ እንኳ «ተሰማ ካመነ አመነ ነው» ትላለች፣ ስቃ።

ቲቸር ሻይ አይጠጡም። የሚጠጡት ትኩስ ውሃ በስኳር ነው። «ሻይ ያጠቁረዋል፤ ምኑን አየዋለሁ?» ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡና አንድ ማንኪያ ስኳር ጣል አድርገው፣ ሳያማስሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። መጀመሪያ ላይ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ዝም እላቸው ነበር። አንድ ቀን ግን «ነይ ሂሩት፣ እስቲ እንየው» ብለው ጠሩኝ። «እስቲ እንየው» የዘወትር ቃላቸው ነው። ጆንያ ተቀደደ ሲባል፣ ዱቄቱ ነቀዘ ሲባል፣ እገሌ እገሌን ሰደበው ሲባል እንኳ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው እሱ ነው። አንዴ «ቲቸር፣ ለምን ሌላ ሚስት አያገቡም?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቅ ብለው «እስቲ እንየው» ብለውኛል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፍሬዎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ከኋላቸው ቀጭን፣ ክር የመሰለ ነገር ይጎትታሉ፤ ክሩ ውሃው ውስጥ ርግብ ርግብ ይልና ይጠፋል።

«ያ የሚርገበገበው ስኳሩ ነው» አሉኝ። «እየሄደ ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም። ውሃው መሀል።»

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ኬሚስትሪም ተምሬያለሁ። እንደዚያ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም። ውሃ እጅ አለው አሉ። የውሃ ሞለኪውል በአንድ ወገኑ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ወገኑ ትንሽ ኔጌቲቭ ነው፤ እነዚህ እጆቹ ናቸው። ስኳርም እንዲሁ በየጎኑ እጅ አለው፤ ደረቅ ሆኖ ሲቀመጥ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው፣ ለዚህ ነው ቆርጠም ቆርጠም የሚለው። የውሃ ሞለኪውሎቹ ሲመጡበት ከዳር ያለችዋን የስኳር ሞለኪውል ከብበው፣ እጅ እጇን ይዘው፣ ሚዜዎች ሙሽራዋን ከዘመዶቿ መሀል እንደሚያወጧት ቀስ አድርገው ያወጧታል። ከዚያ ወደ ቀጣይዋ። «ማማሰል ስኳር አያሟሟም፤ ያቻኩላል እንጂ። ሙቀትም እንደዚያው። የሚያሟሟው መያያዙ ነው» አሉኝ።

«ሁሉ ነገር ውስጥ ይሟሟል እንግዲህ?»

«የለም፣ የለም። ዘይት ውስጥ ብትጨምሪው ቁጭ ይላል። ቤንዚን ውስጥ ብትጨምሪው ቁጭ ይላል። እነሱ እጅ የላቸውም።»

ጆንያ የሚሸከሙት ኡጋንዳውያን «ሙሶሜሳ» ይሏቸዋል፤ በሉጋንዳ መምህር ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሮሌክሳቸውን፣ ያን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ እየበሉ፣ ቲቸር በተሰባበረ ስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ስለ ሳሙና አሠራር ሲያስረዷቸው እሰማለሁ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ግን ያዳምጡ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስላልጠራቸው ሱቁን ትምህርት ቤት አደረጉት ብዬ አሾፍባቸው ነበር። ወደውት ነበር መሰለኝ።

ነገሩ የተበላሸው በዝናብ ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ እንደሚያፈስ ቲቸር ደጋግመው ተናግረዋል፤ ጋሽ ተሰማም «ይሠራል» ሲል ከረመ። አንድ ቅዳሜ የካምፓላ ዝናብ እንደሚያውቅበት ወረደ። ሰኞ ስንከፍት ከታች ያሉት የስኳር ጆንያዎች ርሰው፣ ጣፋጩ ውሃ በሲሚንቶው ላይ እየተንፏቀቀ በር ድረስ መጥቷል። ጉንዳኑ ከየት እንደተሰበሰበ እንጃ። ጋሽ ተሰማ ገብቶ ሲያየው ራሱን ያዘ።

«ስኳሬን አጠፋህብኝ! ስኳሬ አለቀ!» እያለ ቲቸር ላይ ጮኸ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያውን ያነሳ ነበር። ቲቸር ግን ወለሉን አዩ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፤ ከዚያ ከልባቸው ለማጽናናት ብለው «ጋሽ ተሰማ፣ ስኳሩ እኮ አልጠፋም። ውሃው ውስጥ ነው ያለው» አሉት።

እኔ ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን አዞርኩ። ጋሽ ተሰማ የቀለዱበት መስሎት በገዢና በተሸካሚ ፊት ያልተናገረው ነገር የለም። «ድሮም አስተማሪ! ጠመኔ እየላስክ ያደግህ! ቢፈልጉህ ኖሮ ትምህርት ቤቱ ይወስድህ አልነበር?» አላቸው። ይቺ የመጨረሻዋ ገባቻቸው። ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረጉ፣ ምሳም ሳይበሉ ዋሉ። ይህን ሁሉም ሰው አየ።

በሳምንቱ የጋሽ ተሰማ ፒክአፕ ጂንጃ መንገድ ላይ ቆመ። ተጎትቶ ናሙዎንጎ አጠገብ ያለው ጋራዥ ገባ። ሙሳ የሚባለው መካኒክ የነዳጅ ታንከሩን አውርዶ ሲያጥበው ከሥሩ ነጫጭ ፍሬዎች ወጡ። መዳፉ ላይ አድርጎ አየና «ሱካሊ» አለ፤ ስኳር ማለቱ ነው። ከአፉ ያመለጠች አንዲት ቃል ናት። ሙሳ ራሱ ከዚያ በኋላ ረስቷት ወደ ሥራው ተመልሷል። ጋሽ ተሰማ ግን እዚያው ቆሞ ነበር።

ቤንዚን ውስጥ ስኳር ከጨመሩ ሞተር ይቃጠላል የሚለውን ወሬ እዚህም አገር ቤትም የማያውቅ የለም። የስኳር መጋዘን ቁልፍ በማን እጅ ነው? በቲቸር። በቅርቡ የተሰደበው ማን ነው? ቲቸር። ኬሚስትሪ የሚያውቀው ማን ነው? ቲቸር። ጋሽ ተሰማ ፖሊስ አልጠራም፤ «የአገሬን ሰው አላሳስርም» አለ። ቁልፉን ብቻ ተቀበላቸው፤ ቢሮ በር ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸውና ሰላምታ ነሳቸው። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሰው ከቲቸር ጋር ሲተላለፍ ስልኩን ያወጣል፤ ጫማውን ያያል። አንዲት ሴት ልጇን ከአጠገባቸው ጎትታ ስትወስድ አየሁ። ቲቸርም አዩ።

እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፤ ሀብት የላቸውም። «ቲቸር» መባሉ ነበር ያላቸው። «ሂሩት፣ አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ አንድ ቀን ተንኮለኛ ተብዬ አላውቅም፤ አሁን በስተርጅና ይሄን ስም ይዤ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? «እውነቱ ይወጣል ቲቸር» አልኳቸው፤ ሰው የሚለው ሲያጣ የሚለውን ማለት ነው። እሳቸው ግን ከምራቸው ወሰዱት። በቦዳ ሞተር ሳይክል ጋራዡ ድረስ ሄደው ያን ነጭ ነገር በውሃ ጠርሙስ አስቀድተው መጡ። «እስቲ እንየው» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር።

ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው አዳራሽ ነው። ዋናው አባባ ሽፈራው ነበሩ፤ በልብስ ስፌት የኖሩ፣ ጢማቸው ነጭ፣ ከዘራ የያዙ፣ ከተማው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት። ጋሽ ተሰማ በአንድ ወገን፣ ቲቸር በሌላ ወገን ተቀመጡ። እኔ ብርጭቆ አምጪ ተብዬ ነው የገባሁት።

ቲቸር ከወንበራቸው ሲነሱ ጉብጠታቸው ጠፋ። ወደ ክፍላቸው የተመለሱ መሰሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ ብርጭቆ ቤንዚን አስቀመጡ፤ ሽታው ስለከበደ መስኮት ተከፈተ። ሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምረው አማሰሉ። የውሃው ወዲያው ጠፋ። የቤንዚኑ እየተሽከረከረ ቆየና ሥሩ ላይ ተቀመጠ። «እንደምታዩት ስኳር ቤንዚን ውስጥ አይሟሟም። ሞተር ድረስም አይሄድም። ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ከዚያ ሙሳ የሰጣቸውን ጠርሙስ አነሱ። ነጩን ነገር አጥልለው፣ አድርቀውት፣ ሌላ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨመሩት። አማሰሉ። ቀጥለውም አማሰሉ። ትኩስ ውሃ ከፔርሙስ ጨመሩበት፤ ደግመው አማሰሉ። ፍሬዎቹ እየዞሩ ወርደው ሥሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ስኳር ውሃን እምቢ ማለት አይችልም» አሉ ቲቸር። «ቢፈልግም አይችልም። ይህ ስኳር አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። አንደኛው መነጽሩን አውጥቶ አየ። ጋሽ ተሰማ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ «ቤንዚን ውስጥ ሲሰነብት ተፈጥሮው ተቀይሮ ቢሆንስ?» አለ።

ቲቸር ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደስ አላቸው! «ጎበዝ! ትክክለኛ ጥያቄ ነው!» አሉት፤ የዘመናት ልማዳቸው ነውና አመለጣቸው። ጋሽ ተሰማ ፊቱ ጠቆረ። እሳቸው ግን ሳያስተውሉ ከቦርሳቸው ትንሽ የማር ብልቃጥ አወጡ፤ ቤንዚን ውስጥ ቀናት ያሰነበቱት ስኳር ነው። አጥልለው፣ በወረቀት አድርቀው ውሃ ውስጥ ጨመሩት። ሟሟ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ እጄን ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«ታዲያ ይሄ ነጩ ነገር ምንድን ነው?» አሉ አባባ ሽፈራው።

«አላውቅም አባባ።»

«አታውቅም?»

«ከታንከሩ ውስጥ የተላጠ ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚኑ ከመጣበት ጀሪካንም ሊሆን ይችላል። ሳልመረምር አላውቅም። ስኳር እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቀው።»

ጉርምርምታ ተነሳ። «ዝገት ነው ይበሉ፣ ዝገት ነው ይበሉ» እያልኩ በሆዴ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት አይችሉበትም።

ጋሽ ተሰማ እጁን ዘርግቶ ተነሳ። «ይኸው ስሙልኝ! ስለ ስኳርና ስለ ቤንዚን ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ከሱ ሌላ ማን አለ?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት ጋሽ ተሰማ» አሉ ቲቸር፣ በረጋ ድምፅ። «ስለማውቅ ነው ስኳር የማልጨምረው። እኔ መኪና ላበላሽ ብል የምጨምረው ውሃ ነበር።»

ያዳራሹ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። «ሰማችሁ! በገዛ አፉ!» አለ ጋሽ ተሰማ። ቲቸር ዙሪያቸውን አዩ፤ ምን እንዳጠፉ ጨርሶ አልገባቸውም። የኬሚስትሪ ጥያቄ ነበር የተጠየቁት፣ የኬሚስትሪ መልስ ነው የሰጡት።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጥግ ሄደው ተንሾካሾኩና ተመለሱ። አባባ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ አስፋው፣ እኛ ዳኞች አይደለንም። ለእርቅ ነው የመጣነው። ተሰማን ለምነን፣ ለምነን፣ ይቅር እላለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቶናል። የጥንቱ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ነበር የምትመጣው፤ ያንን አላልንህም። ተነስና ጉልበቱን ሳም፤ እዚህ ላይ ያልቃል።»

«ምን ብዬ ነው የምስመው አባባ?»

«ይቅርታ በለው።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ምኑ አትበል።»

አላስቻለኝም፤ ተነሳሁ። «ሁላችሁም አይታችኋል እኮ! አልሟሟም እኮ! ይኸው እስካሁን ሥሩ ላይ ተቀምጧል!» ብዬ ብርጭቆውን አነሳሁ። «ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ አባባ ሽፈራው፣ ሳይቆጡ። ተቀመጥኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባባ፣ ሌላ ነገር ይዘዙኝ። ይህን ካልኩ አደረግሁት ማለት ነው።»

ያኔ ነው አባባ ሽፈራው ከዘራቸውን ላጠገባቸው ሰው የሰጡት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሱና፣ ያ ሁሉ ዕድሜ የተሸከመው ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ ቲቸር እግር ማጎንበስ ጀመሩ። እነዚያ ነጭ ፀጉሮች መሬት ከነኩ በኋላ ቲቸር አስፋው በሐበሻ መሀል ሰው ሆነው መኖር አይችሉም። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። «ኧረ አባባ! በእመቤቴ!» ብለው ዘለው ደገፏቸው። እጃቸው ላይ ይዘዋቸው ትንሽ ቆሙ። የቲቸርን ፊት አየሁት፤ የሚሄዱበት ጠፍቷቸዋል። ከዚያ አዛውንቱን አስቀመጡና፣ ዞረው፣ ጋሽ ተሰማ ጉልበት ላይ ወደቁ።

ጋሽ ተሰማ ወዲያው አነሳቸው። ጉንጫቸውን ደጋግሞ ሳመ። «ይቅር ብዬሃለሁ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለን!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። በሩ ላይ የነበረች ሴት እልል አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ እኛም አሜን አልን።

ሰው ሲበተን አባባ ሽፈራው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብለው አገኘኋቸው። ተናድጄ ስለነበር ምንም ሳላፍር «አባባ፣ አላዩትም?» አልኳቸው።

«አየሁት።»

«ምን አዩ?»

«አልሟሟም።» ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አዞሩ። «እኔ ልጄ ዓይኔ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«ተሰማን ተሳስተሃል ብንለው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጥሎ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ግማሹ ሰው ተከትሎት ይሄዳል። አስፋው ግን የተማረ ሰው ነው፣ ሆደ ሰፊ ነው፤ ይችለዋል ብለን ነው።»

«ቢያቅታቸውስ?»

ባርኔጣቸውን አንስተው ደፉ። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ አየሁና ጨርሼ መቆጣትም አልቻልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከኩርፊያው ጊዜ የባሰ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ጋሽ ተሰማ ይቅር አልኩ ካለ ይቅር ብሏል። ቁልፉን መለሰላቸው። ፋሲካ ሲመጣ ቤቱ ጠርቶ ከራሱ ጎን አስቀመጣቸው፤ በእጁ አጎረሳቸው። እንግዳ ሲመጣ ትከሻቸውን አቅፎ «ይሄ አስፋው ነው። እኔና እሱ ብዙ ነገር አሳልፈናል፤ ይቅር መባባል የመሰለ ነገር የለም» ይላል። እንግዳውም ነገሩ ምን እንደነበር ይጠይቃል፤ ጋሽ ተሰማም «ኧረ ተወው፣ ያለፈ ነው» እያለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርካል። ቲቸር ሳህናቸውን እያዩ ይሰማሉ። ያን ያህል የወደዳቸውን ሰው እንዴት ብለው ይጣሉት? እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ ጋሽ ተሰማን ለብቻው ይዤ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ «ሂሩት፣ ቂም ጥሩ አይደለም። እኔ እንኳ ትቼዋለሁ» ብሎ መከረኝ።

ፒክአፑ ወር ሳይሞላ እንደገና ቆመ። ሙሳ ታንከሩን አወጣው፤ ያው ነጭ ነገር። ጮቤ እየረገጥኩ ነው ለጋሽ ተሰማ የነገርኩት። ራሱን በሐዘን ነቀነቀና «የያኔው ቅሪት ነው፤ በደንብ አላጠቡትም ነበር» አለ። ለቲቸር ስነግራቸው ደግሞ አዳመጡኝና «እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ። «እስቲ እንየው» አላሉም። ትኩስ ውሃቸውንም ትተው ከኛ ጋር ሻይ መጠጣት ጀምረው ነበር፤ ስኳሩን ከእኛ እኩል አማስለው፣ ቶሎ ጠጥተው ይነሳሉ።

ጉሉ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ረዳት እንደሚፈልግ የነገራቸው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማስተማር አይደለም፤ ብርጭቆ ማጠብና ዕቃ ማቀራረብ ነው። ወዲያው እሺ አሉ። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የያዙት። አውቶቡስ መነሻው ድረስ እኔ ሸኘኋቸው። ቦዳው፣ ታክሲው፣ ዕቃ ሻጩ በሚጋፋበት መሀል ቆመን፣ ልላቸው የሚገባኝ አንድ ነገር እንዳለ እየተሰማኝ ምን እንደሆነ ግን ጠፍቶኝ፣ ስለ መንገዱ ርዝመት አወራሁላቸው። እሳቸው ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝ።

አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል ጋሽ ተሰማ እየሮጠ መጣ። ሞቃታማውን ጉሉ ይበርዳል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ አቅፏል። ላብ በላብ ሆኗል።

«ሳልሰናበትህ ልትሄድ ነው?» አላቸው።

«ሥራ እንዳላስፈታዎ ብዬ ነው ጋሽ ተሰማ።»

ብርድ ልብሱን ሰጣቸው። ቲቸር ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው ቀና አሉ፤ እንደዚያ ቀና ሲሉ ካየኋቸው ቆይቶ ነበር። «ጋሽ ተሰማ፣ ልሄድ ነው። ላንዴ ይስሙኝ። እኔ እዚያ መኪና ውስጥ ምንም አልጨመርኩም» አሉት።

ጋሽ ተሰማ ፊቱ ጭምድድ አለ። አቀፋቸው። «አስፋውዬ፣ በቃ ተወው! እኔ ረስቼዋለሁ እኮ! አሁን አንተ ነህ ራስህን ይቅር ማለት ያቃተህ!» አለና ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። ለይስሙላ አይደለም፤ ስቅስቅ ብሎ ነው።

የቲቸር ፊት በጋሽ ተሰማ ትከሻ በኩል ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እጃቸው ወደ ጎን እንደተንጠለጠለ አዩኝ። ምን እንዳደርግላቸው እንደፈለጉ አላውቅም፤ እኔም ቆሜ አየኋቸው። ረዳቱ «ጉሉ! ጉሉ!» እያለ የአውቶቡሱን ጎን ይደበድባል። ጋሽ ተሰማ ማልቀሱን አላቆመም። ቲቸር ቀስ ብለው አንድ እጃቸውን አነሱና ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉት ጀመር።

«አይዞህ» አሉት። «አይዞህ ተሰማ፣ አይዞህ።»